ባሕር ዳር ላይ ቤት ገዝታችሁ ልታከራዩ ካሰባችሁ

«እታለም፣ ትንሽ ብር ይዣለሁ። ቤት ገዝቼ ላከራይ ነው። የት ልግዛ?»

ይህን ጥያቄ ቢሮ እጠየቃለሁ፣ ለቅሶ ቤት እጠየቃለሁ፣ ከአሜሪካም በስልክ እጠየቃለሁ። ሀብታም ስለሆንኩ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። አባይ ማዶ በምንኖርበት ግቢ ሰርቪስ ክፍሎች እናከራያለን። ፔዳ አካባቢ ደግሞ ከእህቴ ጋር በጋራ የገዛናት ትንሽ ቤት አለች። ዕቁብ፣ ከዘመድ የተወሰደ ብድርና የባለቤቴ የትርፍ ሰዓት ሥራ ተደማምረው ያመጧቸው ናቸው። በዚህ መሃል ከደላላ ጋር ተከራክሬአለሁ፣ ከተከራይ ጋር ተኮራርፌ ታርቄአለሁ፣ መሬት አስተዳደር ኮሪደር ላይ ቆሜ ውያለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ።

እና «የት ልግዛ?» ለሚለኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለማን ልታከራይ?» ባሕር ዳር አንድ ከተማ ትሁን እንጂ የኪራይ ገበያዋ አንድ አይደለም። ፔዳና ፖሊ አካባቢ ተከራዩ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ የማስተርስ ተማሪ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ለክረምት ትምህርት ከየወረዳው የሚመጣ አስተማሪ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት አንዲት ንጹሕ ክፍል፣ የራሷ ሽንት ቤት ያላት፣ ኢንተርኔት የሚገባባት ናት። ሳሎኑ ሰፋ ጠበበ ግድ አይሰጣቸውም። ሰባታሚት ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አጠገብ ሐኪም፣ ነርስና ኢንተርን ታገኛላችሁ። የሌሊት ተረኛ ስለሆኑ የግቢው በር በእኩለ ሌሊት የሚከፈትላቸው መሆኑ ከቀለሙ ይበልጥባቸዋል። ታማሚ አስተኝቶ ለሳምንት ለሁለት ሳምንት ክፍል የሚፈልግ ቤተሰብም አለ።

አባይ ማዶ ባለ ትዳር ይበዛል። የቢሮ ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ ባጃጅ ነጂ። ልጅ አለው፣ ምጣድ አለው፣ የሚሰጣ ልብስ አለው። እሱ የሚጠይቃችሁ ወጥ ቤት ነው። ድሮ «ማዶ ሩቅ ነው» የሚል ተከራይ ብዙ ነበር። ጠዋት ጠዋት በአሮጌው ድልድይ ላይ የሚፈጠረው ሰልፍ ሰውን ያስመርር ስለነበር እውነቱን ነው። ግንቦት 2016 አዲሱ የአባይ ድልድይ ከተመረቀ በኋላ ይህን ቅሬታ ብዙም አልሰማም። ደላሎቹም አልሰሙም፤ ዋጋው ላይ ጨምረውበታል።

ተከራዩን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ስንት ክፍል፣ ስንት ሽንት ቤት፣ ስንት ቆጣሪ፣ የትኛው ሰፈር። ሳታውቁ ከገዛችሁ ግን ሐኪም በሚፈልግበት ሰፈር የባለ አምስት ልጅ ቤት ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። ሰው ሁሉ «በወር ስንት ያስገባል?» ይላል። እኔ «በዓመት ስንት ይተርፋል?» እላለሁ። ለማስረዳት ያህል ቁጥር ልጥቀስ፤ የገበያ ዋጋ ነው ብላችሁ እንዳትይዙት። ቤቱን በ4 ሚሊዮን ብር ገዛችሁ እንበል። ክፍሎቹ ተደምረው በወር 20,000 ብር ያስገባሉ። በዓመት 240,000 ነው፤ የዋጋው 6 በመቶ። አሁን መቀነስ ጀምሩ። ተከራይ ሲቀያየር ቤቱ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢከርም 20,000 ሄደ። ቀለም አለ፣ ቧንቧ አለ፣ የተሰበረ ቁልፍ አለ፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫ አለ። 25,000 ብትመድቡለት አልበዛም። 195,000 ቀረ፤ ከ5 በመቶ በታች ነው፣ ያውም ግብር ሳይነሳ። ባንክ ደግሞ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። ያንኑ 4 ሚሊዮን ባንክ ብታስቀምጡት 280,000 ብር ቁጭ ብላችሁ ታገኛላችሁ።

ታዲያ ሰው ለምን ቤት ይገዛል? ብር ስለሚረክስና ቤት ስለሚወደድ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የፌሮ፣ የሴራሚክና የመብራት ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። የተሠራ ቤት ያለው ሰው በተቀመጠበት ንብረቱ ከፍ አለለት። ግን ይህ ጭማሪ አይበላም። ቤቱን ካልሸጣችሁት በስተቀር የልጅ ትምህርት ቤት አይከፍልም። ስለዚህ «ከባንክ ተበድሬ እገዛለሁ፣ ዕዳውን በኪራዩ እከፍላለሁ» የምትሉ ሰዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። የባንክ ብድር ወለድ ከላይ ካየነው 5 በመቶ በብዙ ይበልጣል። ልዩነቱን በየወሩ ከደመወዝ መሙላት ከቻላችሁ ቀጥሉ። ካልቻላችሁ ያቺን ብር ይዛችሁ ትንሽ መቆየት ይሻላል። የእኔ አስተያየት ይኼ ነው፤ የማይስማሙ ዘመዶች አሉኝ።

አሁን ብዙ ሰው የሚንቀው ነገር ላይ ልምጣ። ውሃ።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ሐይቁ አጠገቧ ነው። ክረምቱ ከባድ ነው። የወረደው ዝናብ የሚሸሽበት ቁልቁለት በብዙ ሰፈር የለም። ደላላ ግን ቤት የሚያሳየው ጥርና የካቲት ላይ ነው። ፀሐይ አለ፣ ግቢው ደርቋል፣ ቀለሙ ያበራል። እኔ ቤት በነሐሴ ቢታይ እወዳለሁ። በነሐሴ ማየት ካልተቻለ ደግሞ የነሐሴን ምልክት መፈለግ ነው። ከወለሉ ከፍ ብሎ የተላላጠ ቀለም፣ የአጥር ግንብ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ አዲስ የተለሰነ የግድግዳ ግርጌ። ጎረቤትን ጠይቁ። በተለይ በር ላይ ጉሊት ዘርግታ የምትውል ሴት ካለች እሷ ከመሐንዲስ ትበልጣለች። አንዷ «ክረምት ውሃ ይገባል ወይ?» ብላት አፏን ሳትከፍት በእጇ የራሷን ደረት አሳየችኝ። ቤቱን አልገዛነውም።

አንድ ጊዜ ለባልደረባዬ ቤት ልናይ ሽምብጥ ሄድን። ወሩ መስከረም ነበር። ቤቱ ያምራል። ሻጩም ጨዋ ሰው ናቸው። አብሮን የመጣው ግንበኛ ግን ሳሎኑን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዶ የሴፕቲክ ታንኩን ክዳን በዲጂኖ አነሳው። ውሃው ክዳኑ ሥር ደርሷል። ጠራ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ይህን መቼ አስመጠጣችሁት?» አላቸው።

«ኧረ አሁን በቅርቡ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ» አሉ ሻጩ።

ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ይኼ የቤት ፍሳሽ አይደለም። ከሥር ውሃ እየገባበት ነው። ዛሬ ቢመጠጥ በሳምንቱ ይሞላል።»

ይህ ለምን ለአከራይ ትልቅ ነገር ሆነ? ለራሱ የሚኖርበት ሰው በባልዲም በዘዴም ክረምቱን ያልፈዋል። አራት ተከራይ ያለው ግቢ ግን ሽንት ቤቱ ወደ ላይ ሲመልስ ስልካችሁ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይጮኻል። መጣጭ መኪናው በክረምት ወረፋ አለው፣ ዋጋውም በክረምት ሌላ ነው። ባልደረባዬ በመጨረሻ ቤቱን ገዛው፤ ግን ታንኩን አውጥቶ ግድግዳውና ወለሉ በደንብ የተለሰነ፣ ውሃ የማያስገባ አዲስ ታንክ ለማሠራት የሚበቃ ብር ከዋጋው አስቀንሶ ነው። ሻጩም ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ብዙ አልተከራከሩም።

አፈሩም እንዲሁ። ብዙ ቦታ ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ዋልካው ተዝቆ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ካልተሞላ ግድግዳው ይናገራል። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ ግንበኛ ሳይዛችሁ ዋጋ አትጥሩ። ቀጥ ያለች የፀጉር ስንጥቅ የልስን ነገር ልትሆን ትችላለች፣ አታስደነግጥም። የወባ ትንኝም እንዳትረሱ፤ መስኮት ላይ ወንፊት ማስገጠም ርካሽ ነው፣ ሕፃን ያላት ተከራይ ደግሞ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

ወረቀቱ ላይ ጊዜ መውሰድ አለብኝ። ብር የሚጠፋው እዚህ ነው።

መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የምትገዙት ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ነገር ይቀርብላችኋል። አንደኛው ነባር ይዞታ ነው፤ ሊዝ፣ ማለትም ቦታን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መያዝ፣ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ ማለት ነው። «ነባር ስለሆነ የሊዝ ጣጣ የለበትም» ይላችኋል ደላላው። ለሻጩ እውነት ነው። ለእናንተ ግን አይደለም። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ይገባል። ይህን ሒሳብ ቀድማችሁ መሬት አስተዳደር ጠይቁ። ሁለተኛው በሊዝ የተያዘ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሊዙ ዘመን 99 ዓመት ነው። እዚህ የምትጠይቁት ዓመታዊ ክፍያው እስከ ስንት ተከፍሏል፣ ውዝፍ አለ ወይ የሚለውን ነው። ግንባታው ግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስቡ። በዚያው አዋጅ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያስተላልፍ ሰው የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከሊዙ የማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ገበያው ግን ሌላ ዋጋ ይጠራል። ከሕጉ በላይ የከፈላችሁት ብር ነገር ቢበላሽ በወረቀት የለም።

ሦስተኛው የገበሬ ቦታ ነው። በዘንዘልማም በመሸንቲም መስመር እየተቆረሰ በሽማግሌ ፊት ወረቀት ይጻፍበታል። ርካሽ ነው። «ትንሽ ጊዜ ነው፣ ወደ ከተማ ሲገባ ካርታ ይሠራለታል» ይላሉ። ካርታ የለውም፣ ባንክ አያስይዝም፣ ፍርድ ቤት ይዛችሁት ብትቀርቡ የሚቆምላችሁ ነገር የለም። ልታከራዩበት ቀርቶ ቆጣሪ ለማስገባትም ትቸገራላችሁ። እንኳን እኔ፣ ደላላው ራሱ ለልጁ አይገዛውም። ጠይቁት።

ካርታውን በዓይን ማየት ማረጋገጥ አይደለም። ከሻጩ ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ ፋይሉን አስወጡ። የባንክ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ? ፕላኑ ላይ ያለውና መሬት ላይ ያለው ቤት አንድ ነው ወይ? ይህኛው በተለይ ለአከራይ ወሳኝ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ ኪራይ የሚያስገቡት ሰርቪስ ክፍሎች ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ሻጩ ዋጋውን የሚጠራው በእነሱ ኪራይ ነው። ነገ ለልማት ይነሳ ቢባል ግን ፕላን ላይ ለሌለ ክፍል ካሳ እጠይቃለሁ ማለት ከባድ ነው። ኮሪደር ልማት በከተማችን ከተጀመረ ወዲህ ዋና መንገድ ዳር ያለ ግቢ የሚገዛ ሰው የመንገዱን ወሰንም አብሮ ማየት አለበት። ያለ ፈቃድ የተሠራውን ክፍል እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ገምቱት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ አውርዱት።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። የትዳር ንብረት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም፤ አላገባሁም ካለም ማስረጃውን ያምጣ። ቤቱ በሟች አባት ስም ከሆነ «ወንድሞቼ ተስማምተዋል» በሚል ቃል አትለፉት፤ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይምጣ፣ ወራሾቹ በሙሉ ይፈርሙ። አንዱ አረብ አገር ከሆነ ውክልናው ይድረስ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ ሦስት ምስክር ያለበት የቤት ውስጥ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

ቀብድ ስትሰጡም ቀብድ መሆኑን ጻፉ። በሕጋችን ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፍ ይመልሳል። «ቅድሚያ ክፍያ» ብላችሁ ከጻፋችሁት ግን ሌላ ክርክር ይከፈታል። የስም ማዞሪያ ወጪውንም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ለስም ዝውውር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ በላዩ የአገልግሎት ክፍያዎች አሉ። ሻጭ የሚመለከተው ግብርም ብዙ ጊዜ በድርድር ገዢ ትከሻ ላይ ይወድቃል። «ሁሉንም ገዢ ይችላል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ በትንሹ ትገባለች። የደላላውም እንዲሁ። ከሁለታችሁም ስንት እንደሚወስድ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ይናገር። ከገዛችሁ በኋላ ሲናገር ቁጥሩ ይለወጣል።

ገዛችሁ እንበል። አሁን ተከራይ መጣ።

ሰው የሚከራየው በቃል ነው፣ ልማዳችን ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ሌላ ነው የሚለው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ቀርቦ ይመዘገባል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። ጭማሪም እንደፈለጉ አይደለም። አፈጻጸሙን ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ብዙ አከራይ ይህን ሕግ ሲሰማ ይቆጣል። እኔ የባንኩን ነገር ወድጄዋለሁ። «ሰጥቼሻለሁ»፣ «አልሰጠኸኝም» የሚባል ጭቅጭቅ ቀረ። የስድስት ወር ቅድሚያ መጠየቅም ድሮም ጥሩ አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ግጭቱን ሸሽቶ ከየወረዳው ከተማ የገባ ስንት ቤተሰብ አለ። ስድስት ወር ቅድሚያ ያለው ሰው ጥሩ ተከራይ ነው ማለት አይደለም፤ በየወሩ የሚከፍል ነው ጥሩ ተከራይ።

መታወቂያውን ኮፒ ያዙ፤ ፋይዳ ካለው ይሻላል። የት እንደሚሠራ ጠይቁ። ከተቻለ የቀድሞ አከራዩን ስልክ ጠይቁና ደውሉ። ስንት ሰው እንደሚኖር ውሉ ላይ ይግባ። «እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን» ብሎ ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት አማት፣ እህት፣ ከአገር ቤት ለትምህርት የመጣ የአጎት ልጅ ይከተላል። ዘመድ አታስገባ ማለት አይቻልም፣ እኛም አገር ነው ያደግነው። ግን ውሃውና ሽንት ቤቱ የስንት ሰው እንደሆነ ከመጀመሪያው ይታወቅ።

የግቢ ጠብ ዋናው ምንጭ ግን መብራት ነው። አብዛኛው ግቢ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው። ሒሳቡ ለክፍሎቹ እኩል ይካፈላል። እኛም ግቢ እንደዚያ ነበር። አንድ ወንደላጤ ተከራይ ነበረን፤ የወሩን ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ እኔ ያለኝ አንድ አምፖልና አንድ ቻርጀር ነው። እንጀራ የምገዛው ከሱቅ ነው። ለምንድን ነው የሰው ምጣድ የምከፍለው?»

ጎረቤቱ በር ላይ ሆና ሰማች። «ታዲያ ልጆቼን ምን ላብላ? በጭስ ላንቃቸው?»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል ማካፈያ ቆጣሪ አስገጠምን። ወጪው የእኛ ነው። ወር ሲሞላ ከተከራዩ ጋር ቆመን ቁጥሩን እናነባለን፣ በስልክ ፎቶ እናነሳለን፣ ደብተር ላይ እንጽፋለን። ምጣዱም ራሱ ነገር አለው። በቀጭን ሽቦ በተዘረጋ ሰርቪስ ክፍል ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከተሰካ ፊውዙ ይዘላል፣ አንዳንዴም ሽቦው ይቀልጣል። ለምጣድ የተለየ መስመር ወጥ ቤት ውስጥ ማዘርጋት ከቤት ቃጠሎ ይረክሳል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ሮቶ የሌለው ግቢ ተከራይ አይቆይበትም። ሮቶ ብቻ ሳይሆን የሚቆምበት ብረት ጠንካራ ይሁን።

ኪራይ ሲዘገይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ደመወዙ ዘግይቶ ነው፤ ራሱ ቀድሞ ይነግራችኋል። ሌላው ስልክ አያነሳም። የመጀመሪያውን ታገሡት። ለሁለተኛው ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፣ ቀን ይኑረው፣ የተቀበለበትን ፊርማ ያዙ። በር መቆለፍ፣ ዕቃ ማውጣት፣ መብራት መቁረጥ አያዋጣም። በአንድ ሌሊት ከባለ መብትነት ወደ ተከሳሽነት ትዞራላችሁ።

ግብር ላይ ብዙ አልቆይም። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጁ ሰንጠረዥ «ለ» ውስጥ ነው። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ጓደኛችሁ ከሦስት ዓመት በፊት በከፈለበት ስሌት አትመኑ፤ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ጠይቁ። የጥገና ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ። ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ደረሰኝ ፍለጋ ቁም ሣጥን ከመገልበጥ በአንድ ፖስታ ውስጥ በየወሩ መክተት ይቀላል።

«ሐይቁ ዳር እንግዳ ማረፊያ ብከፍትስ?» የሚሉኝም አሉ። ጣና ያምራል፣ አልክድም። ግን የሐይቁ ዳርቻ ዝም ብሎ የሚታጠር ቦታ አይደለም፤ ጣና ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ውሃው አጠገብ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው ይለያያል። ደግሞም ቱሪስት የሰላም ልጅ ነው። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች እንዴት ቆመው እንደከረሙ ያየ ሰው ያለ የሌለ ብሩን በእንግዳ ላይ አያውልም። ነርሷ ግን ግጭትም ኖረ አልኖረ ቤት ትከራያለች።

ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ መወከላችሁ አይቀርም። ውክልናው ምን ምን እንደሚፈቅድ ቃል በቃል አንብቡት። ኪራይ እንዲሰበስብ፣ ግብር እንዲከፍል፣ ጥገና እንዲያሠራ፣ ተከራይ እንዲያስገባና እንዲያስወጣ ከሆነ ያንን ብቻ ጻፉ። የተዘጋጀ ፎርም ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ካለ አስወጡት። ኪራዩ በቀጥታ በእናንተ ሒሳብ ይግባ፤ ለተወካዩ የድካሙን ከዚያ ላኩለት። አትላንታ ላለችው የአክስቴ ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው። አሁን ወር በገባ ቁጥር ወንድሟ ሦስት ፎቶ ይልክላታል፤ የቆጣሪዎቹን፣ የሮቶውን፣ በክረምት ደግሞ የሴፕቲኩን ክዳን ከፍቶ።